ንቦቹ ያስቀሩት መሐላ

ባለትዳር መሆን አለመሆኔን ለማጣራት ቀበሌ የሄድኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። አስተዋይ ሰው ይህን የሚያጣራው ከሠርጉ በፊት ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ በማግስቱ። እኔ ግን ነገር ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚገባኝ። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ወደ ሠላሳ ዓመቴ ግድም፣ ከልጄ ደብተር ላይ ነው። እሷ አንደኛ ክፍል ገብታ «ሀ» ስትል እኔ ከኋላዋ ቆሜ «ሀ» እላለሁ። «እማ፣ መምህሩ ያዘዘው እኔን ነው» ብትለኝም አልሰማኋትም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ የመብራት እንጨት ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ያለውን ሳይቀር አነባለሁ። የምተዳደረው በርበሬ አዘጋጅቼ በመሸጥ ነው፤ በርበሬውን የምጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ሳልጨርስ ለገዢ አልሰጥም። ደንበኞቼ ለምደውኝ «ችግር የለም፣ ጨርሺው» እያሉ ቆመው ይጠብቁኛል። አንዳንዶቹማ «ምን ይላል?» ብለው በነጻ ዜና ሰምተው ይሄዳሉ።

በዚህ ሁሉ ንባቤ መሐል ግን አንድ ያላነበብኩት ወረቀት ነበር። እሱም የገዛ ራሴ የጋብቻ ውል ነው።

ምክንያት ነበረኝ። ወረቀቱን በሠርጌ ዕለት እናቴ ጠቀለለችው፤ ከለበስኩት ነጠላ ጫፍ ክር መዘዘችና ሰባት ጊዜ አዙራ አሰረችው። ከዚያ እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «ይህ ክር የተበጠሰ ቀን ትዳርሽ ይበጠሳል። አስቀምጪው እንጂ አትፍቺው» አለችኝ። ያኔ ማንበብ ስለማልችል ለመፍታትም ምክንያት አልነበረኝም። ማንበብ ስችል ደግሞ ፈራሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ከሣጥኔ ሥር፣ ከልጆቼ የክርስትና ልብስ በታች ተቀምጦ ኖረ። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ክሩን በጣቴ ዳሰስ አደርጋለሁ። አለ። ትዳሬም አለ።

ታዲያ አንድ ቀን የቤታችን ካርታ በባልና ሚስት ስም ሊሠራ ነው ተባለ። ቤቷ ሰቆጣ ከተማ ዳር ያለች የድንጋይ ቤት ናት። ባሌ ኪሮስ ግንበኛ ነው፤ ድንጋዩን እሱ ደረደረው፣ ጭቃውን እኔ ረገጥኩት፣ ውኃውን እኔ ተሸከምኩት። የአንዱ ግድግዳ ጭቃ ላይ የእግሬ ጣት ዛሬም ይታያል። ካርታው ላይ ሁለታችሁም እንድትጻፉ የጋብቻ ማስረጃ አምጡ አሉን።

«ያቺን ወረቀት አምጫት» አለኝ ኪሮስ።

ኪሮስ ሲናገር ይኼን ያህል ነው። ቃል እንደ ድንጋይ መርጦ፣ ጠርቦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሲመርጥ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ቀበሌ ያገኘናት መዝጋቢ ልጅ እግር ናት። ጠረጴዛዋ ላይ መዝገቦች ተደርድረዋል፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የሞት። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሰው የሚሆነው ሁሉ በአራት መዝገብ አለቀ ማለት ነው። እኔ እንኳ የማዘጋጀው በርበሬ አምስት ዓይነት ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ። ልጅቱ ገና ቀና ስትል አስነጠሳት። ይቅርታ ልጄ፣ ከልብሴ ነው፣ አልኳት። በርበሬ ከልብስ አይለቅም።

ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «እትዬ፣ ክሩን ይፍቱልኝ።»

«እኔ አልፈታም» አልኩ። የእናቴን ቃል ነገርኳት።

መቀስ ልታነሣ ብላ እጇን መለሰች። «እኔም ገና አላገባሁም። በሰው ትዳር መበጠስ ልጀምር?»

ኪሮስን አየሁት። እሱ ጣሪያውን ያያል፤ የግንበኛ ዓይኑ ስንጥቅ አግኝቶ ነበር። መጨረሻ ላይ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነገሩን ሰምቶ ገባ። «አምጡት ወዲህ» አለ። «እኔ ሁለት ጊዜ ተበጥሶብኛል። ከእንግዲህ ምን ይመጣብኛል።» ከኪሱ ምላጭ አወጣና ቆረጠው።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ኪሮስ አጠገቤ እንደቆመ ነው። እናቴ ተሳስታ ኖሯል ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ልጅቱ ማንበብ ጀመረች። የእኔን ስም አነበበች፣ የአባቴን ስም አነበበች፣ ልክ ነው አልኩ።

«ባል፣ አቶ ሲሳይ» አለች። ቀና ብላ ኪሮስን አየችው። «አቶ ሲሳይ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለ ኪሮስ።

«ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?»

ኪሮስ አሰበ። በጣም አሰበ። «ወንድሙ ነኝ» አለ።

እውነቱን ነው። ግን በዚያ ሰዓት ከእውነቶች ሁሉ መርጦ የባሰውን ነው ያወጣው። ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ባልዎ ማን ነው?»

«እሱ ነዋ» አልኩ ወደ ኪሮስ እያመለከትኩ።

«አቶ ሲሳይስ?»

«ዋርሳዬ ነው። የባሌ ታናሽ ወንድም።»

«ከባልዎ ወንድም ጋር ነው የተጋቡት?»

«ኧረ በማርያም፣ ከባሌ ጋር ነው የተጋባሁት።»

አስነጠሳት። ዘበኛውንም አስነጠሰው፤ ምላጩን እንደያዘ ነው፣ ለመሄድ ልብ አጥቷል። ወረቀቱን ነጥቄ ራሴ አነበብኩት። የመብራት እንጨት ላይ የተለጠፈውን ሳይቀር የማነብ ሴት፣ የራሴን ባል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ፤ ባሌ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በደንብ በተጻፈ፣ ባማረ የቁም ጽሑፍ፤ ሲሳይ።

አሁን ሠርጋችንን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይያዝም።

የተጋባነው በገጠሩ አገራችን፣ ጋዝጊብላ ነው፣ በጥር። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ኪሮስ ቀፎ ልክፈት ብሎ ወጣ። በጥር ቀፎ አይከፈትም። ማሩ በኅዳር ተቆርጧል፤ የቀረው የንቦቹ ቀለብ ነው። ለጠጁ አንሶ ነው ሲሉ ሰማሁ። ብቻ ንቦቹ የሠርግ ጥሪ አልደረሳቸውም። በሠርጉ ዕለት ኪሮስን ደግፈው ሲያስገቡት ፊቱ እንደ ቅል ሆኗል። ዓይኑ የለም። ከንፈሩ የላይኛውም የታችኛውም ተገናኝቶ በመሐሉ ጭድ አይገባም። እኔ በመሸፋፈኛዬ ቀዳዳ አየሁትና፣ እንዲህ ላለ ሰው ነው እንዴ የዳራችሁኝ ብዬ አለቀስኩ። ሰዉ ሙሽራ ታለቅሳለች፣ ደንብ ነው ብሎ ዝም አለ።

ውል ሲሆን መሐላ አለ። ሙሽራው በመስቀሉ ላይ እጁን ጭኖ በአፉ መማል አለበት፤ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣናም ሆነ በአማርኛ፣ ግን በአፉ። ኪሮስ አፍ የለውም። ሠርጉ እንዳይፈርስ አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ሚዜው፣ ታናሽ ወንድሙ ሲሳይ፣ በእሱ ፈንታ እጁን ጭኖ ማለ። ይህን ሁላችንም አይተናል። ያላየነው ቄሱ፣ መምሬ ወልዱ፣ ውሉ ላይ የጻፉትን ነው። እሳቸውን ደግሞ በኋላ እናገኛቸዋለን።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ ነገርኳት። በጽሞና አዳመጠች። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«እትዬ» አለች፣ «በሕግ ጋብቻ በተወካይ አይሆንም። እያንዳንዱ ራሱ ቀርቦ፣ ራሱ ፈቅዶ ነው። አቶ ሲሳይ ሚስት አላቸው?»

«አለችው። የሁለት ልጆች እናት።»

«እንግዲህ ይህ ወረቀት ትክክል ከሆነ አቶ ሲሳይ በሚስት ላይ ሚስት አግብተዋል ማለት ነው። ትክክል ካልሆነ ደግሞ እርስዎ...» ቃሉን ልትለው አልፈለገችም።

እኔ ጨረስኩላት። ወረቀቱ ልክ ከሆነ የዋርሳዬ ሚስት ነኝ። ስህተት ከሆነ የማንም አይደለሁም። ቤቲቱም የእኔ አይደለችም፣ ጭቃው ላይ ያለችው ጣቴ ብቻ ናት የእኔ። ሦስት ልጆች ወልጄ፣ ከኪሮስ ጋር ከፍቶኝም ደልቶኝም ኖሬ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛ ፊት ያላገባች ሴት ሆኜ ቆምኩ። መበርገግ ነበረብኝ። እኔ ግን የተሰማኝ ሌላ ነው። ትዳር የሚያህል ነገር በምን ላይ ቆሞ እንደኖረ አሰብኩና ተደነቅሁ። ኪሮስ እንኳ መሠረት ሳይቆፍር ግድግዳ አያቆምም።

«ፍርድ ቤት ያመልክቱ» አለችኝ። «እነሱ ይወስናሉ።»

ከፍርድ ቤቱ በፊት መምሬ ወልዱን ማግኘት አለብኝ አልኩ። በማግስቱ ጋዝጊብላ ሄድን፤ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ኪሮስ መንገዱን ሙሉ ምንም አልተናገረም። እኔ መቼም ዝም አልልም፤ የእሱንም ድርሻ ጨምሬ ተናገርኩለት።

ያረፍነው ሲሳይ ቤት ነው። ሌላ የምናርፍበት የለም። ግን እስኪ አስቡት፤ ወረቀት ባሌ ነው ያለኝ ሰው ደጅ ደረስኩ። በአርባ ሁለት ዓመቴ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ሲሳይ «እታለም፣ ግቢ እንጂ» ሲለኝ ፊቱን ማየት አቃተኝ። ሚስቱ ነገሩን በስልክ ሰምታ ኖሮ በር ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ ትጠብቀኛለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጣውንቴ» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ምነው አፈርሽ? የእኔ አሥራ አራት ዓመቱ፣ ያንቺ ሃያ ሦስት። ታላቋ ሚስት አንቺ ነሽ። ምሰሶው ሥር ተቀመጪ።»

«ተይ በማርያም አታሹፊብኝ» አልኳት።

«እኔማ ድሮም አውቄዋለሁ» አለች ወጥ እያማሰለች። «የመጀመሪያው ማር ወዴት እንደሚሄድ መች አጣሁት።»

ሲሳይ ተነሥቶ ከብት ላስገባ ብሎ ወጣ። ገና ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከብት የሚገባበት ሰዓት አልነበረም። እኔ ያኔም አልገባኝም። ብያችኋለሁ፣ ዘግይቶ ነው የሚገባኝ።

መምሬ ወልዱ በጣም አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወረቀቱን ስሰጣቸው ግን በጣታቸው ዳሰሱትና አወቁት። «የእኔ እጅ ነው» አሉ። «ቀለሙንም እኔ ነኝ የበጠበጥኩት።»

«መምሬ» አልኳቸው፣ «ለምን የሲሳይን ስም ጻፉ? ባሌ ኪሮስ መሆኑን እያወቁ።»

ቆጣ አሉ። «ማን ማለ?»

«ሲሳይ።»

«ታዲያ ማንን ልጻፍ? ያልማለውን ማለ ብዬ ልጻፍ? እኔ ሐሰት አልጽፍም፣ ልጄ። ኪሮስ ያን ዕለት አፍ አልነበረውም።»

«አፉ አብጦ ነው እኮ።»

«ያበጠ ይሟሽሻል። ሲድን መጥቶ ይማላል ብዬ ቦታ ትቼለታለሁ። እዪው እስኪ ከሥር።»

አየሁት። ከሲሳይ ስም በታች፣ ከምስክሮቹ ስም በላይ፣ አንድ መስመር ባዶ ነው። ቀጥ ብሎ ተሠምሯል፤ ምንም አልተጻፈበትም። የኪሮስ ቦታ።

«እጠብቀው ነበር» አሉ መምሬ። «ለፋሲካ ይመጣል አልኩ። ቀጥሎ ለመስቀል ይመጣል አልኩ። ሰቆጣ ገባችሁ አሉኝ።»

ኪሮስ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ነበር። «አልነገሩኝም እኮ፣ አባቴ» አለ።

«አልጠየቅኸኝም፣ ልጄ።»

ያቺን መስመር ደጋግሜ አየኋት። እኔ ሦስት ልጅ ስወልድ፣ ቤት ስሠራ፣ ሦስት ምጣድ በርበሬ ባንድ ጊዜ ሳምስ፣ ይህች መስመር ከሣጥኔ ሥር፣ በሰባት ዙር ክር ታስራ፣ አንድ ሰው መጥቶ እንዲናገርባት ትጠብቅ ኖራለች።

ፍርድ ቤት በቀረብን ቀን ምስክሮች ይዘሽ ቅረቢ ተብዬ ነበር። እኔ ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ ለሰፈሩ ተናገርኩ። ሰፈሩ ቁጥር አያውቅም። ግማሹ መጣ፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ሰፈሩ የት ሄደ ብሎ እሱን ፍለጋ መጣ። አዳራሹ ሞላ። በበርበሬዬ ምክንያት ይሁን በአቧራው፣ ከዳር እስከ ዳር ማስነጠስ ሆነ፤ ዳኛዋ መስኮት አስከፈተች። ዳኛዋ ሴት ናት፣ ከእኔ ታናሽ። መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ረጅም ሰዓት አየችው። እኔም እሷን አየኋት። ከአንዲት ሴት አፍ አንድ ቃል ወጥቶ ሰውን ባለትዳር ወይም ላጤ የሚያደርግ መሆኑ ይገርመኛል። እናቴ ክር ብቻ ነው የነበራት።

«ይህ ውል የአቶ ሲሳይን ስም ይዟል» አለች። «በዚህ ብቻ ከሄድን አቶ ኪሮስ ባልዎ አይደሉም። ግን ሕጉ ወረቀት ብቻ አይደለም የሚያየው። ሁለት ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደ ባልና ሚስት ካወቃቸው፣ ያ ራሱ ማስረጃ ነው። ምስክሮችን እንስማ።»

መጀመሪያ የቀረበችው ጎረቤቴ ዘሃራ ናት፤ ጨርቅ ቤት ያላት፣ ከቤታችን አንድ ግድግዳ የምትጋራ።

«ባልና ሚስት መሆናቸውን በምን አወቁ?» አለቻት ዳኛዋ።

«ሲጣሉ እሰማለሁ» አለች ዘሃራ። «ከባዳ ጋር እንደዚያ አይጣሉም።»

«በምን ይጣላሉ?»

«በመስኮት። እሷ በርበሬ ስትሸከሽክ ትከፍተዋለች፣ እሱ መጥቶ ይዘጋዋል። እሷ ስትናገር እሱ ዝም፤ እሱ ሲዘጋ እሷ ጩኸት። ሰቆጣ ከገቡ ጀምሮ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሌላ መስኮት እናውጣ አላሉም።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋም ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ያቺ መስኮት ማስረጃ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ትዳሬን የሚጠብቅልኝ ሰው እንዳለ አላወቅኩም።

ቀጥሎ መምሬ ወልዱ፤ በአጭሩ፣ የማለውን ጻፍኩ፣ ላልማለው ቦታ ተውኩ አሉ። ከኪሳቸው እስክርቢቶ አውጥተው «አሁን ከፈቀዳችሁ እዚሁ ይጻፍ» ሲሉ ዳኛዋ «አባቴ፣ ማስረጃ ላይ አይጻፍም» አለቻቸው። እያዘኑ መለሱት።

ከዚያ ሲሳይ ተጠራ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ያ የአሥራ ሰባት ዓመት ሚዜ ዛሬ አርባ ዓመት የሆነው፣ ጢሙ ውስጥ ሽበት ያለበት ገበሬ ነው።

«ያን ዕለት የማሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብለው ማሉ?»

ሲሳይ ወለሉን እያየ አለው። ሳይደናቀፍ፣ ቃል ሳይስት። «ከምበላው አበላታለሁ። ከማገኘው የመጀመሪያውን ለእሷ እሰጣለሁ። ብትታመም ደጇ እገኛለሁ። ይህን ባላደርግ መስቀሉ ይፍረድብኝ።»

«ይህን ሲሉ በወንድምዎ ፈንታ ነው?»

«ክብርት ዳኛ፣ በእሱ ፈንታ ነው። አፉ ግን የእኔ ነበር። መስቀሉ ላይ ያለው እጅም የእኔ ነበር።» ኮፍያውን አዞረው። «መሐላ የሌላ ሰው ነው ብዬ ልተወው አልቻልኩም። የእሱን ትዳር አልነካሁም። የማልኩትን ግን አደረግሁ።»

«ምን አደረጉ?»

«ማር ስቆርጥ የመጀመሪያውን ለእታለም አደርሳለሁ። ሳላደርስ ከቤቴ ማንም አይቀምስም። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ታማ ሐኪም ቤት ስትገባ፣ መጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። እስክትወጣ። እህል በጠፋበት በዚያ በክፉው ጊዜም ከነበረኝ አስቀድሜ አደረስኩ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

በየዓመቱ ኅዳር፣ በየዓመቱ፣ ሲሳይ አንድ ቅል ማር ይዞ ይመጣል። እኔ ምን እንደምል ታውቃላችሁ? «ይኼ ሲሳይ ማር ተርፎት ነው» እላለሁ። አንድ ዓመት «ባለፈው የተሻለ ነበር» ብዬዋለሁ። ቅሉን ጨብጦ ከጋዝጊብላ በእግሩ የመጣውን ሰው። ሐኪም ቤቱ ደጅም አይቼዋለሁ፤ ገበያ መጥቶ ያለፈ መስሎኝ «ለምን መጣህ፣ ሥራ የለህም?» ብዬዋለሁ። ሰው መሐላ ተሸክሞ ደጄ ሲመላለስ ሃያ ሦስት ዓመት፣ እኔ የጆንያ ጽሑፍ አነባለሁ።

ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ዞሬ አየኋት። በጣቷ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ «ጣውንቴ፣ ወደ ፊት እዪ» በሚል አገጭ ወደ ዳኛዋ አመለከተችኝ።

መጨረሻ ኪሮስ ተጠራ።

«አቶ ኪሮስ፣ በጥር ወር ቀፎ ለምን ከፈቱ?» አለችው ዳኛዋ። ምን አስጠየቃት እንጃ። ምናልባት እሷም የቀፎ አገር ሰው ናት።

ኪሮስ አሰበ። አዳራሹ ጠበቀው። «ሙሽራዋ ነጭ ማር ትወዳለች ሲሉ ሰማሁ» አለ። «ትንሽ ላምጣላት ብዬ ነው።»

ለጠጅ ነው ብለውኝ ነበር እኮ። ሃያ ሦስት ዓመት ለጠጅ ነው እያልኩ ለስንቱ አውርቼዋለሁ፤ የሚያስቅ ወሬ አድርጌ፣ የፊቱን እብጠት በእጄ እየለካሁ።

«ያን ዕለት ሊያገቧት ፈቅደው ነበር?»

«ፈቅጃለሁ። ራሴን ነቅንቄ ነበር። ግን ሰው ፊቴን ሲያይ መነቅነቄን አላየውም።»

«ከዚያ በኋላ በቃል ብለውት ያውቃሉ?»

ኪሮስ ወደ እኔ ዞረ። ቤታችን መሠረት ላይ ማዕዘኑን ሲያስቀምጥ እንደዚያ ሲያስብ አይቼዋለሁ።

«አላልኩትም» አለ። «ያን ቀን አፌ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሰበብ የለኝም።» ከዚያ ዳኛዋን ሳይሆን እኔን እያየ፣ «ሚስቴ ናት» አለ።

ሁለት ቃል ናት። ይህን የሚያህል አዳራሽ ሞልቶ፣ ከጋዝጊብላ ድረስ ሰው መጥቶ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ተጠብቆ የወጣው ይኸው ነው። ዘሃራ ከኋላዬ «እንግዲህ መስኮቱን ክፈትላት» አለች።

ዳኛዋ ጋብቻው ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ የጸና ነው ብላ ወሰነች። የሲሳይ ትዳርም ከዚህ የሚነካው የለም አለች። ውሳኔውን ይዘን ቀበሌ ስንሄድ ያች ልጅ እግር መዝጋቢ በጋብቻ መዝገቧ ላይ ጻፈችን፤ ስሜንና የኪሮስን ስም፣ ጎን ለጎን። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ ፊደል በፊደል እየተከተልኩ አነበብኩ። ዘበኛው ገብቶ የቀድሞውን ወረቀት ጠየቀና ራሱ በክር አሰረልኝ፤ «እንደዚህ ከሆነ እኔም ሦስተኛ እሞክራለሁ» እያለ። ያች መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ናት። ማስረጃ ላይ አይጻፍም።

ኅዳር ሲሆን ሲሳይ እንደ ልማዱ ከጋዝጊብላ መጣ። አንድ ቅል ማር ይዟል። እኔ ደጅ በርበሬ አሰጥቼ ነበር፣ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። አልፎኝ ገባና ማሩን ለኪሮስ ሰጠው። ኪሮስ ተቀበለው፣ ወጥቶ መጣና ለእኔ ሰጠኝ። ሲሳይ ይህን ቆሞ አየ። ከዚያ፣ ማር ሲያመጣ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ።